አይነገራት

ኤፍራታ እናቷ በሞቱ በአርባ ሁለተኛው ቀን ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። መሞታቸውን አታውቅም፤ ጠበል ሄደዋል ነው የተባለችው።

ስምንት ወር የሞላውን ሆዷን አስቀድማ፣ በደብረ ብርሃን የቅዳሜ ገበያ ጎንበስ ብላ ስትመርጥ ባለሽንኩርቷ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ የእማማ ቤዛዊት ልጅ አይደለሽም? እግዜር ያጽናሽ እቴ፤ ምን ይደረጋል» አለቻት። ኤፍራታ «ምን ሆኜ?» አለች። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰልስቱ አልፏል፣ አርባው ወጥቷል፣ ድንኳኑ ታጥፎ የዕድሩ መጋዘን ገብቷል። አገር ምድሩ ቀብሮ ተመልሷል። ልጅየዋ ብቻ ናት ያልሰማችው።

ታላቅ እህቷ ሶልያና ስትጠየቅ አላፈረችም። «ልብሽ ፈሪ ነው፤ ከልጅነትሽ እናውቀዋለን። ደግሞ እርጉዝ ነሽ። ለአንቺ ብለን ነው» አለችና አልቅሳ ሳመቻት።

ይቺ «ለአንቺ ብለን» የምትባል ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ኤፍራታ ጉሮሮ ላይ ተሰካች። ሃያ ሦስት ዓመት አልወረደች፣ አልወጣች። በእናቷ ላይ አንዲት ጭብጥ አፈር አልጣለችም። ያለቀሰችው ሌላው ሰው ለቅሶውን ጨርሶ ወደ ሥራው ሲመለስ ነው፤ ብቻዋን፣ ሽንኩርት ተራ መሃል። አላፊ አግዳሚው የሽንኩርቱ መስሎት አለፈ።

ያኔ መርዶ የሚደብቁት ዘመድና ጎረቤት ነበሩ። አሁን፣ በሁለት ሺህ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የሚደብቀው መሥሪያ ቤት ነው። የማጽናኛ ጽሕፈት ቤት ይባላል፤ ሰው ግን መርዶ ቤት ይለዋል። እያንዳንዱ ሰው ከእጁ የማይወልቅ አምባር አለው። አረንጓዴ የሚያበራለት ሰው ሲሞትበት ይነገረዋል። ቢጫ የሚያበራለት ልቡ አይችልም ተብሎ ተጽፎለታል። የቢጫ ሰው ልጅ ወይም ወላጅ ሲሞት መርዶ ቤቱ ከዘመድ አንዱን ጠርቶ «ይነገረው ወይስ አይነገረው?» ብሎ ያስፈርማል። አይነገረው ከተባለ የሟቹ ድምፅ በልማዱ ቀን፣ በልማዱ ሰዓት ይደውላል። ስለ ዝናቡ ያወራል። ጉንፋኑ እንደተሻለው ይናገራል። «ምን በላችሁ?» ይላል።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ኤፍራታ የምትኖርበት ሕንፃ ከላይ እስከ ታች ያወራል። በየመስኮቱ ሰው ስልኩን አቁሞ ድንች እየላጠ፣ ካልሲ እየሰፋ ይስቃል። ማን ከሕያው፣ ማን ከሙት ጋር እንደሚስቅ አይታወቅም። መጠየቅም ነውር ነው። ጎረቤቷ ጋሼ ናታን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በየሳምንቱ ግን ከአባታቸው ጋር ስለ ጣርማ በር መንገድ ይከራከራሉ። «አባቴ ብረት ነው» ይላሉ። ሰው ሁሉ «እንዴታ!» ይላል።

ኤፍራታም ቢጫ ናት። ልቧ ፈሪ ነው ብላ የመሰከረችው ሶልያና ናት።

ያኔ በሆዷ የነበረችው ልጅ ልዋም ተባለች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ በባሕር ውል ሄደች። በዚህ ውል የሚሄዱት መርከብ ላይ እየኖሩ በባሕር ወለል የመገናኛ ገመድ የሚዘረጉ ወጣቶች ናቸው፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ አገር መግባት የለም። ኤፍራታ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ በሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት። የልጇ ውል ሲመጣላት አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ልዋም እሑድ እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ትደውላለች። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ አልቀረችም።

ጥርጣሬው የመጣው ከዚያው ከስልኩ ነው። ልዋም እናቷን አስጨርሳ ሰምታ አታውቅም። አፏን ከፈታች ጀምሮ «እማ ቆይ፣ እማ ቆይማ» እያለች መሃል የምትገባ፣ ነገር ከአፍ የምትነጥቅ ልጅ ናት። አንድ እሑድ ግን ኤፍራታ የቧንቧውን መፈንዳት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነሠራተኛው ስንፍና፣ ከነምንጣፉ መበስበስ አወራችና ጨረሰች። ማንም አላቋረጣትም። ከወዲያ በኩል «ውይ እማዬ፣ በጣም ያሳዝናል» ተባለ።

ሶልያናም እዚያው ነበረች። እንደ ወትሮዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «ልዋምዬ፣ የአክስትሽ ዓይን፣ ደህና ነሽልኝ?» ብላ ነበር።

«እታለም፣ ልጄ አላቋረጠችኝም» አለች ኤፍራታ።

«ጨዋ ሆናለቻ! ዕድሜ አስተማራት።»

«የእኔን ልጅ?»

«ኧረ ተይ ኤፍዬ፣ ሰላምሽን አትነካኪ። ቢጫ ምን አለው? እኔም ቢጫ ነኝ። ናሆሜ አንድ ነገር ቢሆን እንዳይነግሩኝ አስቀድሜ ፈርሜያለሁ። ካልሰማሁ ደህና እተኛለሁ።»

ናሆም የሶልያና አንድ ልጇ ነው። እሱም በሌላ መርከብ በባሕር ውል ላይ ነው፤ ለመመለስ ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

ኤፍራታ ከዚያ ቀን በኋላ ልጇን መፈተን ጀመረች። «የመጀመሪያ ጥርስሽ የት ወለቀ?» «ድመታችን ማን ነበረች?» ድምፁ ሁሉንም ይመልሳል። ያልረሳው አንድ ነገር የለም። ይሄም ሌላ ሥጋት ሆነባት፤ ልዋም የራሷን ጫማ ያስቀመጠችበትን እንኳ ስትረሳ ያደገች ልጅ ናት።

ቢጫን አረንጓዴ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። የድፍረት ዓመት ይባላል። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ፍርሃት። ያለፈ ሰው በጳጉሜን የሁለት ሰው ስም ይጠይቃል፤ አለ ወይስ የለም፣ እውነቱን ይነገረዋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኤፍራታ መርዶ ቤት ሄዳ ያብስራ የሚባል ጸሐፊ ፊት ተቀመጠች።

«እትዬ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመትዎ ምን አስቸኮለዎት?» አላት። «አብዛኛው ሰው ሳይጠይቅ ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው። ደስ ብሎት።»

«ልጄ እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ልጅዎ ደህና ናት።»

«ይሄንን ለሁሉም ነው የምትሉት?»

ያብስራ ፈገግ አለ። «ለቢጫ ሁሉ። ሕጉን ላንብብልዎት። በየወሩ የሚፈሩትን አንድ ነገር ያደርጋሉ። አምባሩ የሚቆጥረው የልብዎ ምት ከመቶ ሠላሳ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ አልፈሩም ማለት ነው፣ እንደ ወደቁ ይቆጠራል። ወጥቶ ደግሞ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ከሰማንያ በታች መውረድ አለበት። አንዴ ቢወድቁ ይደገምልዎታል። ሁለተኛ ከወደቁ ዕድሜ ልክ ቢጫ። ተመልሰው መጠየቅ አይችሉም።»

«ጻፈኝ።»

«የሚፈሩትን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች ያምጡ። ባለቤቱ ከተናገረ ይዋሻል።»

ምስክሮቹ ሶልያና፣ ጋሼ ናታንና የልብስ ማጠቢያው አለቃ ነበሩ። ጋሼ ናታን ሠርግ የተጠሩ ያህል ካፖርታቸውን ቦርሸው መጡ።

«ውሻ! ውሻ ትፈራለች፤ ጻፍ» አሉ። «ጥልቅ ውሃ። ጨለማ ምድር ቤት። ኧረ ምን የማትፈራው አለ? የፈሪ በትሩ አሥር ነው ይባል የለ፤ የእሷ አሥራ ሁለት መሙላቱ አያቅትም!»

«ሰው ፊት ማንበብ» አለ አለቃዋ። «ማስታወቂያ ሲለጠፍ መነጽሬን ረሳሁ ትላለች። መነጽር የላትም።»

ሶልያና መጨረሻ ላይ እያለቀሰች «ሬሳ። መርዶ መንገር። ሰው ፊት መዋረድ» አለችና ወደ እህቷ ዞረች። «ከባድ ከባዱን የነገርኳቸው ቶሎ ወድቀሽ እንድታርፊ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው።»

ዓመቱ በውሻ ገባ። መስከረም ላይ ከእንጨት መጋዘን ጠባቂ ውሻ ጋር በአንድ ክፍል ዘጉባት። ቡላ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ነው። ኤፍራታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ሳለች እጇ በራሱ አንሶላ የሚያጥፍ መሰለ። ሠላሳ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው፤ ጠርዝ ከጠርዝ፣ መሃሉን መምታት፣ እንደገና ጠርዝ ከጠርዝ። በሐሳቧ አጠፈች። አሥራ አንደኛው አንሶላ ላይ አምባሩ ሰባ ስምንት አለ። በሩ ሲከፈት ቡላ እግሯ ሥር ተኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በመጋዘኑ ስታልፍ የዳቦ ቅርፊት ትጥልለታለች።

ጥቅምት ላይ ወደቀች። ውሃ ነበር። ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ጋን ውስጥ አወረዷት፤ እግሯ መሬት ሲያጣ አንሶላው ሁሉ ከሐሳቧ ተበተነ። ጎትተው ሲያወጧት ልቧ መቶ ስድሳ ሦስት ላይ ነበር፤ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ፣ አልወረደም። ሶልያና የዶሮ መረቅ ይዛ መጣች። ፊቷ የበዓል ፊት ነበር።

«በቃ፣ ሞከርሽ። ማንም ፈሪ አይልሽም።»

«አንድ ይቀረኛል።»

«ኤፍዬ፣ ሁለተኛ ከወደቅሽ እኮ ለዘለዓለም ነው።»

«አውቃለሁ። መረቁን አስቀምጪውና ሂጂ።»

ውሃውን ኅዳር ላይ ደግማ አለፈች፤ ከኅዳሩ ፍርሃት ጋር ደርባ። ከዚያ በኋላ መውደቅ የሚባል ነገር አልቀረላትም።

ታኅሣሥ ላይ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ አቆሟት። ከሕንፃዋ ሰዎችና ከአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ፊት ወረቀት ሰጧት፤ የባሕር ውሉ ነበር፣ የልዋም ውል። በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደሉን አንድ አንድ እያለች ጀመረች። «ሠ… ሠራ… ሠራተኛው…» ልጆቹ ሳቁ። ከኋላ አንዱ አስተጋባባት። ኤፍራታ ቀና አለች። «ሳቁ። እጠብቃለሁ» አለች። ስቀው እስኪጨርሱ ቆመች፤ ከዚያ ጣቷ ካለበት ቀጠለች። ስምንተኛው አንቀጽ ላይ ደረሰች። «ሠራተኛው በሥራ ላይ ቢ… ቢሞት ሥርዓተ ቀብሩ በባሕር ይፈጸማል።» እስከዚያ ቀን ምን ላይ እንደፈረመች አታውቅም ነበር። አምባሩ መቶ አርባ ዘጠኝ አለ። አጠፈች። ጠርዝ ከጠርዝ።

መጋቢት ላይ የመዋረዱ ተራ ደረሰ። በሕንፃው ግቢ መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጧት፤ ጎረቤት እየተነሣ ይሰድባታል። ወይዘሪት ሃሴት የምትባል የመርዶ ቤት ሠራተኛ ቆማ ትቆጣጠራለች። ጋሼ ናታን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ… አንቺ ሴትዮ! ልብስ ስታሰጪ ውሃሽ መስኮቴ ላይ ይንጠባጠባል! ሦስት ዓመት ሙሉ!»

አምባሩ ሰባ አንድ ላይ ነው።

«አልተነሣም» አለች ሃሴት። «ጠንከር አድርጉት። ካልተነሣ ወደቀች ማለት ነው።»

«ባልሽ በረከት ሲሄድ ማብሰያሽን ይዞ የሄደው ምግብሽ ስለማይበላ ነው!» አለች የሦስተኛ ፎቋ ሴት። ሰው ሳቀ። ኤፍራታም ሳቀች። ሰባ አራት። ስምንት ደቂቃ አለፈ።

ሶልያና ተነሣች። ዝም ብላ ብትቆይ እህቷ እንደምትወድቅ አልገባትም፤ ከባድ ነገር ከተናገረች ትወድቃለች ብላ ነው የተነሣችው።

«ልጅሽን ወደ ባሕር የወረወርሻት አንቺ ነሽ» አለች። «ሳታነቢ ጣትሽን አሳረፍሽ። ደንቆሮነትሽ ነው የሸጣት። እናታችን ብትኖር ዓይንሽን አታይም ነበር።»

ጋሼ ናታን ወደ ጫማቸው አዩ። አምባሩ መቶ ሃምሳ አምስት አለ። ኤፍራታ እህቷን እያየች አጠፈች። አንድ አንሶላ። ሁለት አንሶላ። ስድስተኛው ላይ ሰባ ዘጠኝ። አለፈች።

«አመሰግናለሁ እታለም» አለቻት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጎረቤቱ ሁሉ አይቶታል። ኤፍራታ ምድር ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠች፣ የማታውቀው ሬሳ አጠበች፣ ሣጥን ውስጥ ገብታ ተኛች፣ ወጥታም ወደ ሥራዋ ሄደች። በሐምሌ ቡላን መኪና ገጨው። መንገድ ዳር እያየችው ቆመች፤ የዳቦ ቅርፊቱ በእጇ ነው። አምባሯን ስታይ ስድሳ አራት ነበር። ለማዘን ብላ ጥቂት ጠበቀች። እጇ ግን ሳታዘው ማጠፍ ጀምሯል። ቅርፊቱን ራሷ በላችው።

ነሐሴ ላይ መርዶ መንገርን ሃሴት አስተማረቻት።

«ዓይኑን እያየሽ ነው። ‹ሞተች› አትበይ፤ ‹ሞተች› ያስጮኻል። ‹የለችም› ነው የሚባለው፤ ‹የለችም› ቁጭ ያደርጋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሌለች ንገሪው። ከዚያ እግዜር ያጽናህ። ‹ውሸት ነው በይኝ› ብሎ ይለምንሻል፤ ሁሉም ይለምናሉ። ምንም አትመልሺ።»

«አረንጓዴ ከሆንኩ በኋላ ለቢጫ ሰው ብነግርስ?»

«አምባርሽ በዚያው ሰዓት ቢጫ ይሆናል። ዕድሜ ልክ።»

ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ኢዮስያስ የሚባል፣ ሚስቱ ሐኪም ቤት የተኛችበት ልብስ ሰፊ ነው፤ አምባሩ አረንጓዴ ነው። በሩ ሲንኳኳ ከፍቶ ቆመ። ኤፍራታ «ሚስትህ የለችም። ከትናንት ማታ ጀምሮ የለችም። እግዜር ያጽናህ» አለችው። ሰውየው «ውሸት ነው በይኝ እናቴ» አለ። አልመለሰችም። መሬት ላይ ተቀመጠ። ልቧ ሲወጣ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ ሲወርድ ስድሳ ስድስት። ሃሴት ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «ለዚህ ሥራ ተፈጥረሻል።»

ጳጉሜን ሁለት ቀን ያብስራ አምባሯን አረንጓዴ አደረገላት።

«እንኳን ደስ አለዎት። ሁለት ስም አለዎት። ማንን ይጠይቃሉ?»

ሁለተኛውን ስም ለበረከት አስባው ነበር፤ ያ ማብሰያ ይዞ የጠፋው ባሏ ሞቶ እንደሆነ ሰምታ አንድ ጊዜ ልትስቅ።

«ልዋም በረከት» አለች መጀመሪያ።

ያብስራ ስክሪኑን አየ። በደንቡ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን ተመለከታት።

«ልጅዎ የለችም። ከሦስት ዓመት ከሰባት ወር ጀምሮ፣ ከጥር ሃያ አንድ ጀምሮ የለችም። እግዜር ያጽናዎት።»

ኤፍራታ አጠፈች። ጠርዝ ከጠርዝ። መሃሉን መታች። አምባሩ መቶ አሥር ደርሶ ወረደ፤ ሰባ አንድ ላይ ቆመ።

«እንደዚህ ዓይነት ልብ አይቼ አላውቅም» አለ ያብስራ፤ ከልቡ ነው ያደነቃት።

«ማን ፈረመ?»

ወረቀቱን አዙሮ አሳያት። አሁን ማንበብ ታውቃለች፤ በጣቷ ተከተለችው። «አይነገራት።» ከሥሩ «ሶልያና፣ እህት።» ቀኑ ጥር ሃያ ሁለት ነው።

መቶ ሰማንያ ስምንት እሑድ። ኤፍራታ አልቆጠረችውም፤ የቆጠረው ስክሪኑ ነው። ከነዚያ እሑዶች ስንቱን ሶልያና እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «የአክስትሽ ዓይን፣ ደህና ነሽልኝ?» እንዳለች ግን ኤፍራታ ራሷ ታስታውሳለች። ሁሉንም ነው።

«ድምፁ ከዛሬ ይቋረጣል» አለ ያብስራ። «መሰናበቻ ሦስት ደቂቃ ይፈቀዳል። ያገናኝዎት?»

«አገናኘኝ።»

«እማዬ!» አለች ልዋም። «ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ስሚኝ ልዋም፣ ቧንቧው ደግሞ ፈነዳ። ሠራተኛው መጣ፣ ያ ሰነፉ፣ መፍቻ ረሳሁ ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ምንጣፉ…» ቆመች። ከወዲያ በኩል ጸጥ ብሎ ይሰማታል። «አቋርጪኝ እንጂ» አለች።

«እሺ እማዬ።»

«አቋርጪኝ።»

«እሺ እማዬ። እየሰማሁሽ ነው።»

ሦስቱ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ለያብስራ መለሰችለት። እንባ አልመጣም። እንባ እንዳይመጣ ዓመቱን ሙሉ ያሠለጠኑት ልብ ነው።

«ሁለተኛው ስም?» አለ።

ኤፍራታ «ሶልያና፣ እህት» የሚለው ላይ ጣቷን እንደገና አሳረፈች።

«ናሆም። የእህቴ ልጅ።»

ያብስራ አየና ፊቱ ፈካ። «አለ! ደህና ነው። ትናንትም ከእናቱ ጋር አውርቷል፤ ራሱ ነው ያወራው። ምሥራች ማለት ይቻላል።»

«ምሥር ብላ» አለች ኤፍራታና ተነሣች።

መስከረም አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ የሶልያናን ሰባት ፎቅ በእግሯ ወጣች። ሶልያና ሊፍት ስለምትፈራ ሃያ ዓመት በደረጃ ነው የምትመላለሰው። በሩን የከፈተችው አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ አደይ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ ስልኩ ቆሟል።

«እንኳን አደረሰሽ ኤፍዬ! ግቢ ግቢ። ናሆሜ አሁን ይደውላል፣ አንቺም…» አለችና የእህቷን እጅ አየች። አረንጓዴውን አየች። አበባ የመሰለው ፊቷ ጠወለገ።

«ነገሩሽ» አለች።

«ነገሩኝ።»

ሶልያና ወንበር ይዛ ተቀመጠች። «ለአንቺ ብዬ ነው። እናታችን የሞተች ጊዜ ምን እንደሆንሽ አይቻለሁ፤ ዓመት ሙሉ አልበላሽም። ልዋምን ብትሰሚ ትሞቺ ነበር። ሦስት ዓመት በደስታ አውርተሻል፤ ያ ደስታ የእኔ ስጦታ ነው። እግዜር ምስክሬ ነው፣ እኔ ላይ ቢደርስ ይሄንኑ እንዲያደርጉልኝ ነው የለመንኩት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት» አለች ኤፍራታ። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ሁለት ስም ነበረኝ።»

ሶልያና ቶሎ ገባት። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጫነች። «አትንገሪኝ! ቢጫ ነኝ! ሕግ ነው! ኤፍዬ በእናታችን አጥንት!»

ኤፍራታ እጆቿን ያዘቻትና ከጆሮዋ አወረደቻቸው። አልታገለቻትም፤ አንሶላ እንደሚወርድ ቀስ አድርጋ ነው።

«ናሆም የለም። ከሚያዝያ ጀምሮ የለም።»

«ከትናንት ወዲያ አውርቼዋለሁ! ከዚያ በፊትም…»

«እኔም ልዋምን አውርቻታለሁ።»

«ስቆ ነበር እኮ! ስለ ጥርሱ ሕመም ነግሮኝ…»

«ልዋምም ጉንፋን ይዟት ነበር።»

ሶልያና በጣቷ ወራቱን ቆጠረች። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፤ ያለፉትን ወራት አንድ በአንድ እየፈተነች ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ዘግይቶ ደውሎ ነበር። ግንቦት ላይ ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። የሰው ልጅ ፈልጎ የማያገኘው ምልክት የለም።

«መርዶ ቤት እሄዳለሁ። እጠይቃለሁ።»

«ሂጂ። ደህና ነው ይሉሻል። ለቢጫ ሁሉ የሚሉት እሱን ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዓመቱን ግቢ። አሥራ ሁለት ወር ናት።»

«እኔ? ሊፍት የምፈራ ሴት?»

ስልኩ ጠራ። ሁለቱም ዞሩ። አደይ አበባው ከስልኩ ጋር ተንቀጠቀጠ። ናሆም ነው፤ በሰዓቱ ነው የደወለው። ሶልያና እጇን ዘረጋች፣ እሳት እንደነካት ሰበሰበች፣ እንደገና ዘረጋች። ስልኩ ሥር ቀይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል።

ወንበሯን ትታ ወለሉ ላይ ወረደች። የእህቷን ቀሚስ ጠርዝ ያዘች።

«ውሸት ነው በይኝ» አለች። «ኤፍዬ፣ እህቴ፣ ተቆጥተሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ይገባሻል። ብቻ ውሸት ነው በይኝ። ሌላ ነገር አልልሽም። ብቻ አንድ ጊዜ።»

ስልኩ ይጠራል። ኤፍራታ ወደ ታች አየቻት። ውሸት ነው ብትላት በቃ ነበር። ሁለት ቃል ናት፣ እናትየዋም ልጅየውም ይድናሉ። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ፣ እዚያ ጉሮሮዋ ላይ ሃያ አራት ዓመት የተሰካው አጥንት አጠገብ ቆመ። አጠፈችው። ጠርዝ ከጠርዝ። መሃሉን መታችው። እንደገና ጠርዝ ከጠርዝ።

«እግዜር ያጽናሽ እታለም» አለች።

የቀሚሷን ጠርዝ ከእህቷ ጣት አላቀቀችና ወጣች። በሩን ሳትዘጋ አምባሯ ቢጫ ሆነ። ቢሆንም ግድ አልሰጣት፤ ከእንግዲህ የሚደበቅባት ሰው የላትም። ከቢጫው ሥር የተጻፈው ስድሳ ሁለት ነው።

ናሆም ከልጅነቱ ችኮ ነው፤ ካልተነሣለት አይተውም። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስልኩ ጸጥ አለና እንደገና ጀመረ። አምስተኛው ላይ እንደገና ጀመረ። ከሱ ጋር የሶልያና ድምፅ ይሰማል፤ ለስልኩ ይሁን ለራሷ አይታወቅም፣ «ማነህ? ማነህ አንተ?» ይላል። ኤፍራታ መደገፊያውን ሳትይዝ ወረደች። ደረጃው እስኪያልቅ ድረስ ይጠራ ነበር።